ከአንጀት ወደ ጉበት፦ ስለ ሰባ ጉበትና ስለ «ዓይነ ምድር ንቅለ ተከላ» ልናውቀው የሚገባ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ሀገራችን ችግር ለመናገር ማንም አይቀድመንም። በሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤቶችም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ምግብ ቤቶች ከምርጫ እስከ ሕገ መንግሥት፣ ከእስረኛ እስከ ድንበር የማይነሳ ጉዳይ የለም። ስለ ገዛ አካላችን ሲሆን ግን ዝምታው ይበዛል። በተለይ ስለ ጉበት። በሽታው ድምፁን አጥፍቶ ስለሚሄድ እኛም ዝም እንላለን።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አንድ ወሬ በየቦታው ይናፈሳል። ሐኪሙ «ጉበትህ ላይ ስብ አለ» ያለው ሰው ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት፣ አንዱ «ከጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር ተወስዶ ወደ በሽተኛው አንጀት ሲገባ ጉበቱ ይጸዳል» የሚል ቪዲዮ አይቶ ይመጣል። አንዱ ይስቃል፤ ሌላው ይጸየፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ የት እንደሚሠራ ይጠይቃል። ነገሩ ፈጠራ ወሬ አይደለም፤ በትልልቅ ሆስፒታሎች የሚሠራበት ሕክምና ነው። ጥያቄው ለየትኛው በሽታ ነው? ለጉበት ስብስ ማስረጃው እስከምን ድረስ ይሄዳል? የሚለው ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ጉዳይ ከሚዳኙት ተቋማት መካከል ሁለቱ የሚገኙት እዚሁ ጎረቤታችን ነው። የትኛው መድኃኒት ለገበያ ይውላል፣ የትኛው አይውልም ብሎ የሚወስነው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ዋና መሥሪያ ቤቱ በሲልቨር ስፕሪንግ ዋይት ኦክ፣ በኒው ሃምፕሻየር ጎዳና ላይ ነው። ብዙዎቻችን በየዕለቱ በመኪና እናልፈዋለን። የአሜሪካ የጉበት በሽታዎች ጥናት ማኅበር ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ አሌክሳንድሪያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከቪዲዮ ይልቅ ከነዚህ ጎረቤቶቻችን ውሳኔ ብንጀምር ይሻላል።

የሰባ ጉበት ምንድን ነው?

ከጉበት ሕዋሳት 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ስብ ከቋጠሩ ጉበቱ «ሰብቷል» ይባላል። በዓለም ላይ ከሦስት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ይህ ችግር አለበት። በአብዛኛው የሚከተለው ከሆድ አካባቢ ውፍረት፣ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከደም ቅባት መብዛት ጋር ነው። ቀጭን ሰውም አያመልጥም፤ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያለው ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባዋል።

ስቡ ብቻውን ለብዙ ዓመታት ጉዳት ሳያደርስ ሊቆይ ይችላል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ጉበቱ ይቆጣል፤ ቁጣው ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይጠነክርና ሲሮሲስ የሚባለው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ከዚያ የሚመጣው የጉበት ሥራ ማቆም ወይም ካንሰር ነው። እስከዚያ ድረስ ሕመም የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ምልክት የለም ማለት ይቻላል። ጉበታቸው የሰባ ሰዎችን በብዛት የሚገድለው ደግሞ የልብና የደም ሥር በሽታ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ዶክተር ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቻቸው በ1980 አልኮል የማይጠጡ ሰዎች ጉበት ልክ እንደ ጠጪ ሰው ጉበት ተቆጥቶ ሲያገኙት ለበሽታው ስም ሰጡት። ስሙም «አልኮል ያላመጣው» የሚል ነበር። ሆኖም ይህ ስም ራሱ ጣጣ አመጣ። በሽተኛው «ጉበት» ካለ ወዲያውኑ «ጠጪ ነው» ተብሎ ይታማል። «የሰባ» የሚለውም ቃል ያሳፍራል። ስለዚህ በ2023 የአሌክሳንድሪያው ማኅበር ከአውሮፓና ከላቲን አሜሪካ አቻዎቹ ጋር ሆኖ ስሙን ለወጠው። አዲሱ ስም ምህጻሩ «ማስልድ» ሲሆን፣ በሽታው የሰውነት ምግብ አጠቃቀም ከመዛባት የሚመጣ መሆኑን ይናገራል።

ስም ትንሽ ነገር ይመስላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን የስምን ዋጋ በሚገባ እናውቃለን። ከ2006 ጀምሮ በተደጋጋሚ ወረርሽኝ ሲነሳ መንግሥት «ኮሌራ» የሚለውን ቃል ላለመጥራት «አተት» እያለ ሲሸፋፍን ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ስም የተለወጠው በሽተኛው ሳያፍር እንዲታከም ነው፤ ሌላው ስም የወጣው ዓለም እንዳይሰማ ነው።

አንጀትና ጉበትን ምን አገናኛቸው?

ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛው የሚጠጋው የሚመጣው በቀጥታ ከአንጀት ነው። የበላነው ሁሉ በቅድሚያ የሚያልፈው በጉበት በር ነው ማለት ነው። አንጀታችን ውስጥ ደግሞ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህልና የአትክልት አሰር ይፈጩልናል፤ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ ንጥረ ነገሮችም ይሠራሉ።

የእነዚህ ተህዋስያን ሚዛን ሲዛባ የአንጀቱ ግድግዳ ይሳሳል። የባክቴሪያ ስብርባሪ በደም ሥር አልፎ ጉበት ጋ ይደርሳል፤ ጉበትም ይቆጣል። ከዚህም የሚያስገርም ነገር ተገኝቷል። በ2019 የቻይና ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ጉበታቸው የሰባ ሰዎች መካከል 60 በመቶ ያህሉ አንጀት ውስጥ ብዙ አልኮል የሚያመርት ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ አግኝተዋል። በእኛ አነጋገር፣ ሰውየው ጠላ ሳይቀምስ ሆዱ ውስጥ ጠላ ይጠመቃል ማለት ነው። ባክቴሪያውን ወደ አይጦች ሲያዛውሩት የአይጦቹም ጉበት ሰብቷል።

ስደተኛን በቀጥታ የሚመለከት ጥናትም አለ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያወጡት ሥራ ከ500 በላይ ሰዎችን የመረመረ ነው። ተመርማሪዎቹ ሞንግና ካረን የተባሉ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሕዝቦች ናቸው፤ ገና በታይላንድ ያሉት፣ አሜሪካ የገቡትና እዚህ የተወለዱ ልጆቻቸው ተነጻጽረዋል። ውጤቱ የሚያሳስብ ነው። አሜሪካ በገቡ በወራት ውስጥ የአንጀት ተህዋስያናቸው ዓይነት መመናመን ይጀምራል፤ አሰር የሚፈጩት ባክቴሪያዎች ይጠፋሉ፤ ቆይታው በረዘመ ቁጥርና በልጆቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጥናቱ ኢትዮጵያውያንን አልጨመረም። ሆኖም ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን ወደ ፈጣን ምግብና ለስላሳ የተሸጋገረ፣ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲጠብቅ የሚያድር ወገናችን ከነርሱ በምን ይለያል?

«ንቅለ ተከላው» እንዴት ይሠራል?

አንድ ጤነኛ ለጋሽ ይመረጣል። ደሙና ዓይነ ምድሩ ከኤች አይ ቪ፣ ከሄፓታይተስ፣ ከጥገኛ ትላትልና መድኃኒት ከተላመዱ ባክቴሪያዎች ነፃ መሆኑ ይጣራል። ከዚያም ዓይነ ምድሩ በጨው ውሃ ተበጥብጦ፣ ተጣርቶ፣ በኮሎኖስኮፒ ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ወይም በእንክብል መልክ ለታማሚው ይሰጣል። የሚተላለፈው አካል ሳይሆን ሕያው ተህዋስያን ናቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቻይና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ሐኪም ለከባድ ተቅማጥ የሰው ዓይነ ምድር ብጥብጥ ያዝ እንደነበር ተጽፏል። በአሜሪካ ደግሞ በ1958 በዴንቨር ዶክተር ቤን አይስማንና ባልደረቦቻቸው በአንቲባዮቲክ ምክንያት አንጀታቸው ክፉኛ የተጎዳ አራት በሽተኞችን በዚሁ ዘዴ አክመዋል። ዓለምን ያሳመነው ግን በ2013 የወጣው የአምስተርዳም ጥናት ነው። ሲ ዲፍ የሚባለውና በአንቲባዮቲክ ምክንያት እየተመላለሰ የሚመጣው አደገኛ ተቅማጥ ካለባቸው 16 ሰዎች 13ቱ በአንድ ጊዜ ብቻ ዳኑ። የተለመደውን መድኃኒት ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ ስለነበር ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ኤፍዲኤ በኅዳር 2022 በፊንጢጣ የሚሰጠውን ሬባዮታን፣ በሚያዝያ 2023 ደግሞ በአፍ የሚዋጠውን ቫውስትን አጸደቀ። ሁለቱም የተፈቀዱት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሲ ዲፍ ከታከመ በኋላ ተመልሶ እንዳይመጣ ለመከላከል። ቫውስት ለገበያ ሲቀርብ የአንድ ዙር ዋጋው 17,500 ዶላር ነበር። ለሰባ ጉበት የተፈቀደ የዚህ ዓይነት ሕክምና የለም።

ለጉበት ስብስ ምን ተገኘ?

ተስፋው የጀመረው በ2012 ነው። የአምስተርዳም ሐኪሞች ከቀጫጭን ሰዎች የተወሰደ ዓይነ ምድር ለወፍራም ወንዶች ሲሰጡ ከስድስት ሳምንት በኋላ የተቀባዮቹ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሻለ። በ2017 በ38 ወንዶች ላይ ሲደግሙት ግን መሻሻሉ ከ18 ሳምንት በኋላ ጠፍቶ ተገኘ። አዲሶቹ ተህዋስያን እንደ እንግዳ መጥተው እንደ እንግዳ ሄዱ።

በቀጥታ የሰባ ጉበትን ያዩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። በካናዳ በ2020 የወጣው 21 በሽተኞችን ያካተተ ነው። ከስድስት ወር በኋላ በጉበት ስብም ሆነ በኢንሱሊን ላይ ለውጥ አልታየም፤ አንጀታቸው ያፈስ ከነበሩት ሰዎች መካከል ግን የተወሰኑት የአንጀት ግድግዳቸው ጠንክሯል። በዚያው ዓመት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ለ21 ሰዎች ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ከማይበሉ ቀጭን ለጋሾች የተወሰደ ሰጡ። በጉበት ውስጥ የአንዳንድ ዘረ መሎች አሠራር ተለወጠ፤ ስቡ ግን አልቀነሰም። በ2022 በቻይና 75 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የተሻለ ነገር አሳየ፤ የጉበት ስብ በመጠኑ ቀነሰ፤ ውጤቱም ከወፍራሞቹ ይልቅ በቀጫጭኖቹ ላይ ጎልቶ ታየ።

ከሦስቱ የምንረዳው ሐሳቡ መሠረት እንዳለውና ሕክምናው ግን ገና እንዳልበሰለ ነው። በጉበት ዙሪያ ይበልጥ ተስፋ የሰጠው የዘገየ ደረጃ ላይ ለደረሱ በሽተኞች የተሠራው ነው። ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ በምትርቀው በሪችመንድ፣ ዶክተር ጃስሞሃን ባጃጅና ባልደረቦቻቸው ሲሮሲስ አእምሯቸውን የሚያደናግርባቸው 20 ሰዎችን አጥንተው በ2017 ውጤቱን አወጡ። በአምስት ወር ውስጥ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 10 ሰዎች አምስቱ እንደገና ተደናገሩ፤ ንቅለ ተከላውን ካገኙት ግን አንድም ሰው አልተደናገረም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የጥናት በር የሚከፍት ነው።

ቤት ውስጥ አይሞከርም!

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። በሰኔ 2019 ኤፍዲኤ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሁለት ሰዎች በጥናት ላይ እያሉ ከአንድ ለጋሽ ዓይነ ምድር መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተላልፎባቸው አንደኛው ሞቷል። ይህ የሆነው በሐኪም እጅ፣ በሆስፒታል ውስጥ ነው። ለጋሹ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ ለዚያ ባክቴሪያ ግን አልተመረመረም። ታዲያ በኩሽና መፍጫ፣ ከወንድም ወይም ከጓደኛ ተወስዶ ሲሠራማ ምን ሊከተል ይችላል? «ወንድሜ ጤነኛ ነው» ማለት ምርመራ አይሆንም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሳያውቁት ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው ይዘው እንደሚኖሩም አንርሳ። ሕክምናውን መሞከር የሚፈልግ ሰው መንገዱ አንድ ነው፤ በሕጋዊ ጥናት ውስጥ መመዝገብ። ጥናቶቹም በቤተስዳ የሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም በሚያስተዳድረው የሕዝብ መዝገብ ላይ ተዘርዝረው ይገኛሉ። «እኔ ክሊኒክ ኑና በጥሬ ገንዘብ ልሥራላችሁ» ከሚል ሰው ግን ራቁ።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ መመርመር። ሐኪማችሁን «ፊብ ፎር» አስሉልኝ በሉት። ይህ ከዕድሜና ከሦስት ተራ የደም ምርመራ ውጤቶች የሚሰላ ቁጥር ነው፤ ተጨማሪ ወጪ የለውም። በአብዛኛው ከ1.3 በታች ከሆነ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፋይብሮስካን በሚባል ሕመም በሌለው መሣሪያ የጉበት ጥንካሬ ይለካል። በዚያው ቀን ሄፓታይተስ ቢ እንዲታይላችሁ ጠይቁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2023 ባወጣው መመሪያ ማንኛውም አዋቂ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊመረመር ይገባል። «የወፍ በሽታ ይዞኝ ድኛለሁ» ብሎ መተው አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ክብደት መቀነስ። በ2015 የወጣ የኩባ ጥናት 293 በሽተኞችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት ሰዎች ዘንድ በ90 በመቶው የጉበት ቁጣው መጥፋቱን፣ በ45 በመቶው ደግሞ ጠባሳው ራሱ ማፈግፈጉን አሳይቷል። እስካሁን ማንም የዓይነ ምድር ንቅለ ተከላ ይህን ያህል ውጤት አላመጣም።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት። ኤፍዲኤ በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮምን፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ዌጎቪ በሚል ስም የሚታወቀውን ሴማግሉታይድ፣ ጉበታቸው ተቆጥቶ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ጠባሳ ላለባቸውና ሲሮሲስ ላልደረሱ ሰዎች አጽድቋል። ሬስሜቲሮም ገበያ ሲወጣ ዋጋው በዓመት 47,400 ዶላር ነበር። ኢንሹራንስ የሌለው ታክሲ ነጂ ይህን ከየት ያመጣል? በሞንትጎመሪ ካውንቲ «ሞንትጎመሪ ኬርስ»፣ በአሌክሳንድሪያ ደግሞ «ኔበርሁድ ሄልዝ» ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎችን ያስተናግዳሉ። ቢያንስ ምርመራውን ከዚያ መጀመር ይቻላል።

አራተኛ፣ ማዕዳችን። ከሀገራችን ይዘን የመጣነው ምግብ ለአንጀት ባክቴሪያ የተመቸ ነው፤ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን አሰር የሞላባቸው ናቸው። አንዳንዱ «እርሾው ሕያው ስለሆነ ይፈውሳል» ይላል። ይህ ልክ አይደለም፤ ምጣዱ ላይ እርሾው ይሞታል። ጥቅሙ ከእህሉ አሰር ነው። የኔዘርላንዱ ጥናት ለጋሾች የሚበሉት ከጾም ምግባችን ብዙም አይለይም፤ ግን ጾም ብለን በዘይት የተጠበሰ ድንችና ለስላሳ የምንደጋግም ከሆነ ጉበታችን ጾሙን አያውቀውም። ቡናችን ደግሞ መልካም ዜና አለው፤ ቡና አዘውትረው በሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ እንደሚገኝ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። ስኳሩን ግን ቀንሱት። ጫትን በተመለከተ በሐረር የተሠራና በ2018 የወጣ ጥናት አዘውትሮ መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል።

የማን ጉበት ይታከማል?

እነዚህ ሁሉ ምርጫዎች ያሉት እዚህ ነው። ሀገር ቤት ያለው ወገናችን ፋይብሮስካን ቀርቶ ተራ የጉበት ምርመራ የሚያገኝበት ቦታ ውስን ነው። ባለሥልጣኑ ሲታመም ወደ ውጭ ይበርራል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2012 ሕመማቸው ለሕዝብ ሳይነገር ብራስልስ ውስጥ ማረፋቸውን እናስታውሳለን። ሥልጣን ላይ ያለው ቢለወጥም ነገሩ አልተለወጠም፤ በግንቦት 2025 የጤና ባለሙያዎች ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ ለእስር ተዳርገዋል። ሐኪሙን የሚያስር ሥርዓት የሕዝቡን ጉበት አያክምም። ስለ ጤና መናገር ከፖለቲካ ያወጣናል የሚል ካለ፣ ከዚህ የበለጠ ፖለቲካ የት ይገኛል?

እኛ በበኩላችን ቢያንስ ሁለት ነገር ማድረግ እንችላለን። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየኮሚኒቲው አዳራሽ በዓመት አንድ ቀን የጉበት ምርመራ ይዘጋጅ፤ በመካከላችን ያሉ ሐኪሞችና ነርሶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ቢጠየቁ እምቢ አይሉም። ሁለተኛው ደግሞ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ጉበቴ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ።

ቸር ይግጠመን!